የ«አቫታር» ሁለተኛ ክፍል ቲዘር፦ ውሃውን እንዴት አያችሁት?

የሽምብጡ
ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ትናንት ግንቦት ልደታ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮው ተበልቶ፣ ቡናውም እስከ በረካው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት፣ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ልከውልኝ አገኘሁ። የአዘጋጁ የጄምስ ካሜሮን ፊልም «አቫታር» ከወጣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ «ዘ ዌይ ኦፍ ዋተር» የሚል ስም የተሰጠው የሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያ ቲዘር፣ ማለትም አጭር ማስታወቂያ፣ ተለቋል። ፊልሙም በታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ለእይታ እንደሚበቃ ተነግሯል።

የመጀመሪያው ክፍል በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ሲወጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እኔ ያየሁት ከወራት በኋላ ነው፤ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ባደላ ቴሌቪዥን። ያም ሆኖ ከዚያ ወጥቼ በጣና ሐይቅ ዳር ስመለስ ዛፎቹን ሁሉ በሌላ ዓይን እንዳየኋቸው አልረሳውም። ስለዚህ ይህን ቲዘር የጠበቅሁት እንደ ማንኛውም የፊልም ማስታወቂያ አይደለም።

ቲዘሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የሚሰማው ንግግር የአባትየው የጄክ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ቤተሰቡ አንድ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል። ቤተሰቡ ከጫካው ወጥቶ ወደ ባሕር ለምን እንደሄደ፣ ጠላቱም ማን እንደሆነ አይነገረንም። ብዙዎች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል። እኔ ግን ታሪኩን ሆን ብለው አቆይተው ውሃውን እንዳስቀደሙ አምናለሁ፤ ይህ ፊልም የሚቆመውም የሚወድቀውም በውሃው ነውና።

ልጆች ሆነን ሽምብጥ ዳር ዋኝተን ስንወጣ ድንጋይ ላይ እንቀመጥ ነበር። ውሃው መጀመሪያ ከትከሻ ላይ በአንድነት ይወርዳል፤ ቀጥሎ ይቆራረጥና በክንድ ፀጉር ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፤ ጠብታው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ቆዳ ላይ ቀጭን የደለል ክብ ትቶ ይሄዳል። በኮምፒውተር የተሠራ ውሃ በብዙ ፊልም ላይ ይህ ነገር ይጎድለዋል። ከሰውነት ላይ እንደ ዘይት ሙልጭ ብሎ ይወርዳል፤ ክብደትም የለውም። በዚህ ቲዘር ውስጥ ግን ከባሕር የሚወጡትን ሰማያዊ ሰዎች እያቆምኩ እየመለስኩ ደጋግሜ አየኋቸው፤ ውሃው ቆዳቸው ላይ ይቆያል፣ ይከፋፈላል፣ ይንጠባጠባል። እናንተስ እንዴት አያችሁት? በተለይ የሐይቅ ዳር ሰው የሆናችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ፖሊ ግቢ
ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድሜ የሽምብጡ፣ ጥያቄህን የወደድኩት ያ ውሃ በአጋጣሚ የተገኘ ባለመሆኑ ነው። ኮምፒውተር ምህንድስና የምማር ሰው ስለሆንኩ አሠራሩን ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ።

ተዋንያኑ የተቀረጹት እውነተኛ ውሃ ውስጥ ነው። ለዚሁ የተሠራው ገንዳ 900,000 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.4 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይይዛል። ቀድሞ የነበረው ልማድ ተዋናዩን በገመድ አንጠልጥሎ እንደሚዋኝ እንዲያስመስል ማድረግ ነበር። ጄምስ ካሜሮን ይህን አልተቀበለም፤ በውሃ ውስጥ ያለ ሰው እያንዳንዱ ጡንቻው ከውሃው ጋር ሲታገል የሚያሳየውን እንቅስቃሴ በአየር ላይ ማስመሰል አይቻልምና።

ችግሩ ያለው የእንቅስቃሴ ቀረጻው ላይ ነው። ካሜራዎቹ የሚከተሉት በተዋናዩ ልብስ ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ ነጥቦች ነው። ተዋናዩ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ከተነፈሰ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ብርሃን ሲመልስ ካሜራው ከነጥቦቹ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ ሁሉም ትንፋሻቸውን ይዘው መሥራት ነበረባቸው። ኬት ዊንስሌት በልምምድ ላይ ከ7 ደቂቃ በላይ ትንፋሿን ይዛ ቆይታለች። ዕድሜዋ ወደ 70 የተጠጋው ሲጎርኒ ዊቨር እንኳ 6 ደቂቃ ተኩል ያህል መቆየት ችላለች። ሌላው ችግር ከላይ የሚመጣው የስቱዲዮ መብራት ነበር፤ የውሃው ገጽ እየተናወጠ ብርሃኑን ይበትነዋል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ የሚያስደንቅ ነው፦ ገንዳውን ከላይ በትንንሽ ተንሳፋፊ ነጭ ኳሶች ሸፈኑት። ኳሶቹ ብርሃኑን ያለሰልሱታል፤ ተዋናዩ አየር ፈልጎ ሲወጣ ደግሞ ገለል ብለው ያሳልፉታል።

ያየኸው ቆዳ ላይ የሚቆየው ጠብታ ግን የገንዳው ሳይሆን በኒውዚላንድ ያለው ዌታ የተባለው የምስል ቅንብር ኩባንያ ባለሙያዎች የኮምፒውተር ሥራ ነው። የውሃ ስሌት ከሁሉም ግራፊክስ የከበደ ነው፤ ሰፊው ማዕበል፣ የሚረጨው ፍንጣቂና በቆዳ ላይ የሚቀረው ስስ ውሃ እያንዳንዳቸው የተለያየ ጠባይ ስላላቸው በአንድ ዘዴ አይሰሉም። ቲዘሩን ያቆምክበት ቦታ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ይታያሉ።

ወለላ
ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በደስታ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም።

ስለ ቴክኒኩ ክርክር የለኝም። የመጀመሪያው ክፍል በ2010 እ.ኤ.አ. ሦስት ኦስካር ሲያገኝ በሲኒማቶግራፊ፣ በአርት ዳይሬክሽንና በምስል ቅንብር ነበር፤ ለድርሰቱ አንድም አልተሸለመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከውጭ የመጣው ወታደር ጄክ ባላገሩን በጥቂት ወራት ውስጥ በሁሉ ነገር በልጦ፣ ከእነሱ መካከል በዘመናት ጥቂቶች ብቻ የቻሉትን ትልቅ አሞራ ጋልቦ መሪ ሆነ። የባላገሩ ልጅ ኔይቲሪ ያን ሁሉ ካስተማረችው በኋላ ከጀርባው ቆመች። በዚህ ቲዘር ውስጥም መጀመሪያ የምንሰማው የማንን ድምፅ ነው? አሁንም የእሱን ነው።

ኩባንያው ባወጣው አኃዝ ቲዘሩ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት 148.6 ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። ይህ ሰው ሁሉ ማየት እንደሚፈልግ ያሳያል፤ ታሪኩን እንደሚወድ ግን አያሳይም። እኔ ውሃው ቢያምርም ባያምርም የምጠብቀው፣ የባሕሩ ሰዎች በራሳቸው አፍ እንዲናገሩና ጫካ ለቆ የመጣው ጄክ አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪ ሆኖ እንዲቆይ ነው።

የሽምብጡ
ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ ወለላ፣ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያልሽው ትክክል ነው፤ ልጅ ሆኜ አላስተዋልኩትም ነበር። በቲዘሩ ላይ ግን አንድ ነገር ተመልከቺ። ጄክ ይናገራል እንጂ የሚበዛውን ጊዜ የምናየው ልጆቹን ነው። ከእነሱ ጋር ደግሞ መተንፈሻ ጭምብል ያጠለቀ የሰው ልጅ አብሮ ይሮጣል። ፊልሙ ወደ ልጆቹ ከዞረ ያልሽው ተማሪነት እዚያ ላይ ሊመጣ ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጆቼ፣ ቪዲዮውን ልጄ በስልኩ አሳየኝ። ለረጅም ዓመታት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለኖርኩ ስለ ውሃው ቀለም አንድ ነገር ልበል፤ አንዳንዶቻችሁ «እንዲህ ዓይነት ጥርት ያለ ውሃ ውሸት ነው» ስትሉ በሌላ ቦታ አንብቤያለሁና።

በጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ሐይቃችን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት በመጣ ቁጥር ከደጋው ያጠቡትን አፈር ይዘው ይገቡበታል። ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑም ነፋስ በተነሣ ጊዜ ከሥር ያለው ደለል ይታወካል። ስለዚህ የእኛ ውሃ ቡናማ ነው፤ እጃችሁን እስከ ክርን ብታጠልቁ ጣታችሁን አታዩትም።

ኮራል የሚያድግበት ባሕር ግን ሌላ ነው። ኮራል ደለል የሚበዛበት ውሃ ውስጥ አይበረክትም፤ ብርሃን ይፈልጋል። እንዲህ ባለው ባሕር ለውሃ ውስጥ ተክሎች የሚሆን ምግብ አነስተኛ ስለሆነ ውሃውን የሚያደፈርስ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ ጥራት እውነት ነው። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ ዋናተኞቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የሰውነታቸው ቀይ ጌጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ውሃ ከብርሃን ውስጥ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ስለሆነ በእውነተኛው ባሕርም የሚሆነው ይኸው ነው። አዘጋጁ በ2012 እ.ኤ.አ. ብቻውን በአነስተኛ ሰርጓጅ መርከብ ወደ ማሪያና ጥልቁ፣ 11 ኪሎ ሜትር ወደሚጠጋ ጥልቀት የወረደ ሰው መሆኑን ልጄ ነገረኝ። ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ ያላወቀ ሰው ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል።

ማዕበል
ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የምጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ይህ ሁለተኛ ክፍል መጀመሪያ የታሰበው ለ2014 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ ሁላችንም እናውቃለን። በየጊዜው ተስፋ ቆርጬ ነበር። አሁን ግን ፖሊ ግቢ የጻፈውን ሳነብ መዘግየቱ ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ መሣሪያው ራሱ ተፈልስፎ እስኪያልቅ ነበር የጠበቅነው።

ሥነ ልሳን ፔዳ
ግንቦት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ስለ ውሃው ብዙ ተባለ፤ እኔ ግን የምጠብቀው የባሕሩ ሰዎች አፍ ሲከፍቱ ነው። ወለላ በራሳቸው አፍ ይናገሩ ስትል ልቤን ነካችው።

ናቪ የሚባሉትን የፊልሙን ሰማያዊ ሰዎች ቋንቋ የፈጠሩት ፖል ፍሮመር የተባሉ የሥነ ልሳን ምሁር ናቸው። ለፊልሙ ሲሉ ድምፁን መርጠው፣ ሰዋስው አበጅተው የቀየሱት ሙሉ ቋንቋ ሲሆን፣ ዛሬ ከ2,000 በላይ ቃላት አሉት፤ በዓለም ዙሪያ ተምረውት የሚነጋገሩበት ሰዎችም አሉ። በእንግሊዝኛ ጆሮ እንግዳ እንዲሆን ሲሉ የመረጧቸው ሦስት ድምፆች ደግሞ ለእኛ ከአፍ መፍቻችን የሚመጡ ናቸው፦ ጰ፣ ጠ እና ቀ። ትንፋሽ በጉሮሮ ታግዶ ፈንድቶ የሚወጣባቸው ድምፆች ማለቴ ነው። በናቪ ሌሊት «ጦን» ይባላል፤ ሞኝ ሰው «ስቃውንግ» ነው። ተዋንያኑ እነዚህን ለመጥራት ወራት ተለማምደዋል፤ የእኔ የአራት ዓመት እኅት ግን አንዴ ሰምታ ደገመችልኝ።

ከዚህም በላይ ግሡ ከመሐሉ ይለወጣል። «ታሮን» ማደን ነው፤ «አደነ» ለማለት በቃሉ ሆድ ውስጥ «ኦል» ይገባና «ቶላሮን» ይሆናል። «ሰበረ»ን «ሰባበረ» ለማለት ቃሉን ከውስጡ ከፍቶ ለሚሠራ ሕዝብ ይህ አይከብድም። የባሕሩ ሰዎች የራሳቸው ዘዬ ይኖራቸው እንደሆነ ለማወቅ እጅግ ጓጉቻለሁ።

የታንኳ ሠሪ ልጅ
ግንቦት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ልጽፍ ነው።

እኛ ወይጦዎች ነን። አባቴ እስከ ዛሬ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ ይሠራል። የደንገል ታንኳ ውሃ አያግድም፤ ውሃው በደንገሉ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። ቀዛፊው እግሩ ረጥቦ ነው የሚውለው። ከሐይቅ ሲወጣ ለማድረቅ እናቆመዋለን፤ ያን ጊዜ ከሥሩ ውሃው መጀመሪያ ይፈሳል፣ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። የሽምብጡ ስለ ጠብታው ሲጽፍ ይህ ድምፅ ነው ትዝ ያለኝ። በየጊዜውም ከባድ እየሆነ ይሄዳል፤ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይሠራል።

ቲዘሩ ውስጥ ከአሳ ነባሪ በሚመስለው ትልቅ ፍጥረት አጠገብ የሚዋኘውን ልጅ ሳይ ቆየሁ። አባቶቻችን ጉማሬ ያድኑ ነበር። ሥጋውን በመብላታቸው ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያ ዓይን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስለዚህ ውሃ ላይ ስለሚኖር ሕዝብ የተሠራ ፊልም ስመለከት፣ ከጫካ የመጡት እንግዶች ባለ ውሃዎቹን እንዴት አድርገው ያዩአቸው ይሆን ብዬ አስባለሁ። ወይስ ባለ ውሃዎቹ ናቸው የሚንቋቸው?

ሥነ ልሳን ፔዳ ስለ ቋንቋው የጻፍከውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወይጦ የራሱ ቋንቋ ነበረው። ዛሬ የምንናገረው አማርኛ ነው፤ የቀደመውን የሚናገር ሰው የለም። አያቴም አያውቁትም ነበር። በምድር ላይ ለሌለ ሕዝብ አንድ ምሁር ከ2,000 በላይ ቃላት ሠራለት፣ ልጆችም ይማሩታል። ይህን ስጽፍ በፊልሙ ላይ ቅር ብሎኝ አይደለም፤ እንዲያውም ቋንቋ እንዲህ ተደክሞበት ሲሠራ ማየት ያስደስተኛል። ግን ያን ቀን አልተኛሁም።

ሥነ ልሳን ፔዳ
ግንቦት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ስፈልግ ቆየሁ። አስተማሪዎቻችን ስለ ጠፉ ቋንቋዎች ሲያነሱ የወይጦን ስም ይጠሩታል፤ እኔም በደብተሬ ጽፌ አልፌዋለሁ። ከሐይቁ ማዶ ሳይሆን ከእኔ ዶርም በእግር በሚደረስበት ቦታ የሚኖር ሰው ጉዳይ መሆኑን አላሰብኩም ነበር። አባትህ ለደንገሉ፣ ለእሰራቱ፣ ለውሃው ዓይነት የሚጠቀሙባቸው ሌላ ሰው የማያውቃቸው ቃላት ካሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ መጥቼ ብቀዳቸው እወዳለሁ።

ወለላ
ግንቦት 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

የታንኳ ሠሪ ልጅ፣ እኔ ፊልሙን የምመዝንበት ጥያቄ ያንተ እንዲሆን ፈቅጄያለሁ። ጄክና ልጆቹ ወደ ባሕሩ ሰዎች ሲደርሱ ማን ማንን እንደሚንቅ፣ ማንስ ከማን እንደሚማር አያለሁ። ታኅሣሥ ሲመጣ እዚሁ እንገናኝ።

ፖሊ ግቢ
ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ቃላችንን ለመጠበቅ ተመልሻለሁ። ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ በባለ ሦስት ገጽታ መነጽር አየሁት። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው፤ አንዴም ሰዓቴን አልተመለከትኩም።

ወለላ፣ መልሱ ይኸውልሽ። የባሕሩ ሰዎች ክንዳቸው እንደ ክንፍ ሰፋ ያለ፣ ጅራታቸው ወፍራም፣ ለዋና የተፈጠሩ ናቸው። ከጫካ የመጡት ልጆች ጅራታቸው ቀጭን በመሆኑ ይሳቅባቸዋል፤ ትንፋሽ መያዝም እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ይማራሉ። ጄክ ራሱ የባሕሩን በራሪ እንስሳ ለመጋለብ ሲሞክር ይወድቃል። የመጨረሻው ውጊያ ረዝሟል ብዬ አምናለሁ፤ ኔይቲሪም ከሚገባት ያነሰ ቦታ ነው የተሰጣት፤ በዚህ ትክክል ነበርሽ። መሐሉ ላይ ያለው፣ ልጆቹ ባሕሩን የሚማሩበት ረጅም ክፍል ግን ምንም የማይሆንበት የሚመስል፣ ሆኖም ፊልሙ ሁሉ ያለበት ነው። በቲዘሩ ያየነው ውሃ ያ ነው።

የታንኳ ሠሪ ልጅ
ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ በወንድሜ ላፕቶፕ፣ ሁለት ማታ ከፍለን። የምስል ቅንብር ኦስካር ማግኘቱን ሰምቼ ነበር፤ ይገባዋል።

ስለ ቲዘሩ ስንጽፍ ማናችንም ያልጠበቅነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የባሕሩ ሰዎች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ በእጃቸው ይነጋገራሉ። ይህን የምልክት ቋንቋ የቀየሰው ሲ ጄ ጆንስ የተባለ መስማት የተሳነው ተዋናይ መሆኑን በኋላ አነበብኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ምልክቱን አያውቁትም፤ ቀስ በቀስ ግን እጃቸው ይፈታል።

አባቴ ከኋላችን ተቀምጦ ሲመለከት ቆይቶ፣ እዚያ ላይ ሲደርስ «አቁመው» አለ። እሱና አጎቴ መረብ ሲጥሉ ድምፅ አያሰሙም፤ አሳው ይሸሻል። ከታንኳ ወደ ታንኳ በቀዘፋው ይነጋገራሉ፦ ከፍ ሲያደርገው አንድ ነገር ነው፣ በጎን ሲይዘው ሌላ፣ ጫፉን ውሃ አስነክቶ ሲያቆየው ሌላ። እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ንግግር ነው ብዬ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ማታ አባቴ ተነሥቶ፣ ጥግ ላይ ያለውን ቀዘፋ አንሥቶ፣ ለወንድሜ ልጅ አንድ በአንድ አሳያት።

ሥነ ልሳን ፔዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ና። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል።